ላምቤቦን መጥራት

ጠዋት በዱራሜ ጤና ጣቢያ አጥር ሥር የሚያልፍ እንግዳ የስም ጥሪ እየተካሄደ ይመስለዋል። «ጥሩወርቅ» ይላል አንዱ። «ሙዘይን» ትላለች ሌላዋ። «አንሼቦ፣ የልጅ» ይላል ቀጣዩ። ስሙ የተጠራ ሰው ግን ከየትም ብቅ አይልም፤ የሚጠሩት መድኃኒቶች ናቸውና። ጥሩወርቅ የደም ግፊት ነው፤ ሙዘይን የስኳር፤ አንሼቦ የሳል። ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ሣጥን ስሙን ይሰማል፣ ድምፁን ከተመዘገበው ተረካቢ ድምፅ ጋር ያመሳክራል፣ ከዚያ በታችኛው አፉ ጥቅሉን ይተፋል። የሣጥኑ ሕጋዊ ስም «አስረካቢ» ነው። ቀደም ሲል ሰው «መስኮቷ» ይላት ነበር። ዛሬ እንደዚያ የሚል የለም፣ ምክንያቱም ሰልፍ ላይ ቆሞ «መስኮቷ» ያለ ሰው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። በቅርቡ አንድ አስም ያለበት ሰውዬ የመድኃኒት መንፊያውን «ፊሽካዬ» ብሎ ስለጠራ እያፏጨ ወደ ኋላ ሄዷል።

የጸጋነሽ ተራ ደረሰ።

«የሚረከቡትን መድኃኒት ስም ይናገሩ» አላት አስረካቢው፣ በዚያ በለስላሳ የአስተማሪ ድምፁ።

«ለልጄ ነው» አለች።

«ሕጋዊ ስም አይደለም።»

«ያ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው። ነጩ።»

«ሕጋዊ ስም አይደለም።»

ከጀርባዋ የቆመው ሰውዬ የረሳች መስሎት ጎንበስ አለና «ላምቤቦ በይው እንጂ፣ እትዬ፣ ላምቤቦ ነው እኮ» አላት። ጸጋነሽ አልረሳችም። እንዲያውም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ያንን ስም እንደ እሷ የሚያውቀው አልነበረም። አፏን ከፈተች፣ ምላሷም ወደ ላንቃዋ ወጣ፣ እዚያው ቀረ። አስረካቢው ጥቂት ጠበቀና ነገ እንድትመለስ በትሕትና ነገራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ባሊሻ የሚባል ወግ አለ። ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን መተው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ እርሟ ነው። የጸጋነሽን አማት እኛ ምራታቸው ስላልሆንን በስማቸው ብንጠራቸው ነውር የለውም፤ አቶ ላምቤቦ ይባላሉ። ስለዚህ ጸጋነሽ ከተዳረችበት ቀን ጀምሮ በ«ላ» የሚጀምር ቃል አትናገርም፤ ላምን «ወተቷ» ትላለች። ላብ ለእሷ የፊት ውኃ ነው። ወጉ ድሮ በአገሩ ቋንቋ ብቻ ነበር፤ እሷ ግን አማርኛ ስትናገርም አትለቀውም። «ጠረጴዛው ላይ» ማለት ሲገባት «ጠረጴዛው አናት» ትላለች፤ የማያውቋት ሰዎች ቅኔ የምትዘርፍ ይመስላቸዋል። እኩዮቿ ወጉን ከተዉት ቆይተዋል። አማቶቻቸውን በስም ብቻ ሳይሆን በቁልምጫ ጭምር ይጠራሉ፣ እሷንም «አንቺ እኮ ሙዚየም ነሽ» እያሉ ይስቁባታል።

ይሳቁ። ጸጋነሽ ምክንያት ነበራት። የልጇ ምጥ የመጣባት መንገዱን ጎርፍ በወሰደበት ክረምት ነው፤ የጤና ጣቢያው በራሪ አምቡላንስ በዝናብ አይነሳም፣ ባሏ ታምራት በአገር አልነበረም። ያን ቀን ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙት አማቷ ናቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ስለዚያ ነገር አንስተው አያውቁም። ጸጋነሽ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የምትመልሰው ምንም አልነበራትም፤ ያላት አንድ ነገር ስማቸውን አለመጥራት ነበር፣ እሱን አጥብቃ ያዘች።

መድኃኒቱ ስማቸውን ያገኘው በክብር ነው። አንድ ኪኒን አሥር ስም በነበረው ዘመን ሰው ያንኑ መድኃኒት በሦስት ስም ገዝቶ፣ ሦስቱንም ውጦ ይሞት ነበር። የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ስያሜ ባለሥልጣን የተቋቋመው ያኔ ነው። «አንድ መድኃኒት፣ አንድ ስም» አለ። ያም ስም መድኃኒቱን መጀመሪያ ወስዶ የዳነው ዜጋ ስም እንዲሆን ወሰነ፤ ሰው የሰው ስም አይረሳምና። አቶ ላምቤቦ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚጥላቸው ሰው ነበሩ፣ አንዴ እሳት ውስጥ ወድቀው ክንዳቸው ተቃጥሏል። አዲሱን ኪኒን ሞከሩ፣ ዳኑ፣ ከዚያ በኋላ ወድቀው አያውቁም። ባለሥልጣኑ ካባ አልብሶ ስማቸውን ለኪኒኑ ሰጠ። ገበያ ሲወጡ ሰው ይቀልድባቸዋል። ላምቤቦ እንቅልፍ ያመጣል አሉ፣ ላምቤቦ በባዶ ሆድ አይወሰድም አሉ። እሳቸውም ሱሪያቸውን ከፍ እያደረጉ ይስቃሉ። ከልብ ይኮሩበት ነበር፤ ሰው የሚኮራበት ነገር ሲያገኝ ደግሞ ዕድሜው አይታይም።

በሽታው ልጃቸውን ታምራትን ዘሎ የልጅ ልጃቸው ማራናታ ዘንድ ደረሰ። እስካለፈው ወር ድረስ ኪኒኗን የሚረከበው ታምራት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ተረካቢነቱ ወደ እናትየዋ ዞረ። ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ተረካቢ መሆን ስለማይችል አያትየው አልተጠየቁም። ማንም ሰው ችግር ይኖራል ብሎ አላሰበም። ጸጋነሽ ራሷ እንኳን ሰልፉ ላይ እስክትቆም ድረስ ማሰብ አልፈለገችም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጓሮ ወርዳ እንሰቱ መሀል ገባች። ሰፋፊው ቅጠል ከቤቱ ይጋርዳታል። ለብቻዋ ብትለማመደው ከሣጥኑ ፊት ይቀላት ይሆናል ብላ ነው። ዙሪያዋን ቃኘች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አልወጣም አላት። ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደግማ ሞከረች። በመጨረሻ የወጣው ሹክሹክታ ነበር፣ እሱም ወጥቶ ሳያልቅ ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ያም ሆኖ ወጥቷል። በዚያ ተጽናንታ ወደ ጤና ጣቢያው ገሰገሰች።

ከአስረካቢው ፊት ቆማ በሹክሹክታ ጠራችው። «ድምፅዎ አይሰማም፤ ከፍ አድርገው ይናገሩ» አላት። ከጀርባዋ ሰልፉ ውስጥ የአማቷ እኩያ የሆኑ ሁለት ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ተደግፈው ያዳምጣሉ። ከፍ ማድረግ አቃታት። ሣጥኑ ተዘጋ፣ እሷም በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወጣች። ምን ዓይነት እናት ነኝ አለች ለራሷ። ልጇ መድኃኒት አጥታ፣ እሷ ለአንድ ቃል ታፍራለች። እውነት ነው፣ እናት ለልጇ እሳት ትገባለች ይባላል። ጸጋነሽም እሳት ቢሆን ትገባ ነበር፤ እንቢ ያለው እግሯ አልነበረም።

ቤት የቀሩት ኪኒኖች ጥቂት ነበሩ። በቢላ ለሁለት እየሰነጠቀች ለማራናታ ግማሽ ግማሽ መስጠት ጀመረች። ለማንም አልተናገረችም፣ በተለይ ለአማቷ። እንዴት ብላ ትነግራቸዋለች? ስምዎ ልጄን ከለከለብኝ ልትል ነው?

የባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ከወረዳው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ የምትሠራው ሔርሜላ የምትባል ወጣት ከአዲስ አበባ የመጣች ናት፣ ቅን ልጅ ናት። ጸጋነሽን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ወጉን ሰምታ አታውቅም ነበር፣ ሆኖም አልሳቀችም። ወደ ኮምፒውተሯ መስታወት ስታፈጥ ቆይታ አንድ መንገድ እንዳለ ነገረቻት። ሕጉ መናገር ለማይችሉ ሰዎች የጣት ምልክት ይፈቅዳል። ጸጋነሽ መናገር እንደማትችል ብትፈርም ጣቷን ብቻ እያሳየች ትረከባለች።

ጸጋነሽ ደስ ብሏት ልትነሳ ስትል ልጅቷ አልጨረሰችም ነበር። ከፈረመችበት ሰዓት ጀምሮ ድምፅዋ የትም አይታወቅም። ባንኩ አይሰማትም፣ ቀበሌው አይሰማትም፣ የውጭ አገሩ የስልክ መስመርም ድምፅዋን አያስተላልፍም።

«ከባለቤቴ ጋርስ?» አለች ጸጋነሽ።

«ይጽፉለታላ» አለች ሔርሜላ ቀስ ብላ። «መናገር አይችልም የተባለ ሰው ድምፅ መስመር ውስጥ ከተገኘ ማጭበርበር ነው የሚባለው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ እናቴ። ሕጉ ነው።»

አድሬ ልምጣ ብላ ወጣች። ልትፈርም ግን ወስና ነበር። በመንገዷ ሁሉ ድምፅ የሌላት ሴት ሆና ስትኖር ይታያታል፤ ልጇን ጮክ ብላ ስትጠራ ሰው ቢሰማት እንኳ ወንጀል ይሆን እንደሆነ ሳትጠይቅ መምጣቷ ቆጫት።

በማግስቱ ከመሄዷ በፊት ማራናታ ወደቀች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን እያሰረች ሳለ ነበር። ሰውነቷ ተገተረ፣ ዓይኗ ወደ ኋላ ዞረ፣ ጸጋነሽ ዘልላ ጭንቅላቷን ከድንጋዩ አተረፈችው። አያትየው ከጓሮ ሮጠው ደረሱ። ልጅቷን በጎኗ አስተኝተው፣ እጃቸውን ጉንጯ ሥር አድርገው ጠበቁ፤ ይህን ነገር ከውስጥም ከውጭም ያውቁታል። ማራናታ ነቅታ ውኃ ስትጠይቅ ነው ወደ ምራታቸው ቀና ያሉት።

«ኪኒኗስ?» አሏት።

ጸጋነሽ የተሰነጠቁትን ግማሾች አውጥታ ከፊታቸው አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ሣጥኑን፣ እንሰቱን፣ ጣቱን፣ ፊርማውን። እያለቀሰች ነው የተናገረችው፣ እያለቀሰችም ቢሆን ያንን ድምፅ ስትዘልለው አማቷ ልብ አሉ። ሽማግሌው የቃጠሎ ጠባሳቸውን አሻሹ። ተቆጥተው እንደሆነ አላወቀችም።

«ጥሪኝ ብልሽስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይቅር በሉኝ አባባ፣ አልችልም። ሞክሬዋለሁ።»

«ድዳ ነኝ ብለሽ ልትፈርሚ ነበር?»

«አዎ።»

«አንቺ ድዳ ከሆንሽ እዚህ ቤት ማን ሊያወራኝ ነው?» አሉና ምርኩዛቸውን አነሱ።

ማራናታን ጎረቤት አስቀምጠው ሁለተኛው ፎቅ ላይ አብረው ወጡ። ሽማግሌው ለሔርሜላ ስማቸውን ከኪኒኑ እንድታነሣላቸው ጠየቁ፤ ካባውንም እመልሳለሁ አሉ። ሔርሜላ ተጨነቀች። ይህ ስም በአገሪቱ ሁሉ ነው የሚጠራው፤ ዛሬ ቢቀየር አንዱ በአሮጌው፣ ሌላው በአዲሱ ይጠራል፣ ያንኑ ኪኒን ሁለት ጊዜ የሚውጥ ሰው ይመጣል። ያ ዘመን ለምን እንዳበቃ ለእሳቸው መንገር አያስፈልጋትም። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። በወጣትነታቸው በስም ስሕተት የቀበሩት ጓደኛ ነበራቸው። ልጅቷ ልክ ናት።

«ታዲያ ስሙ የማን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«የባለሥልጣኑ ነው» አለች። «ለመድኃኒት የተሰጠ ስም ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ የመንግሥት ሀብት ነው።»

«እኔስ?»

ሔርሜላ ልትናገር አፈረች። «እርስዎ በፈቃድ እየተጠቀሙበት ነው፣ አባቴ።»

ጸጋነሽ ሽማግሌው የሚቆጡ መስሏት ክንዳቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ሳቁ። መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው ልጅቷን የሰው ስም መቀየርስ ይከብድ እንደሆነ ጠየቋት።

«ኧረ የሰውማ ቀላል ነው» አለች ሔርሜላ። «ምድር ቤት ወርደው ሦስት ምስክር ማምጣት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። የሚከብደው የኪኒን ነው።»

«እንግዲያው የእናንተን ስም መልሼላችኋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ሌላ እፈልጋለሁ።»

ነገሩ የገባት ደረጃውን ሲወርዱ ነው። ጸጋነሽ ደረጃው መሀል ቁጭ አለች። ሰማንያ ዓመት የኖሩበት፣ አባታቸው ያወጡላቸው፣ ገበያው ሁሉ የሚያውቃቸው ስም። ይቅር አባባ፣ ልፈርም፣ እኔ ድዳ ልባል ብላ ለመነቻቸው። አልሰሟትም፣ ወይም እንዳልሰማ ሆኑ። በዚያ ዕድሜ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል።

ወግ ግን ምድር ቤት ወርዶ በምስክር አያልቅም። በወረዳው ወረቀት ስማቸው ቢቀየር፣ አገሩ በአሮጌው እስከጠራቸው ድረስ ለጸጋነሽ አፍ ምንም አልተቀየረም። ስለዚህ ሽማግሌው በዚያው ቀን የአገር ሽማግሌዎችን ሸንጎ ወደሚቀመጡበት ሾላ ሥር ጠሩ። ክርክሩ ረዘመ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም ተባለ። አንዱ ምራቲቱ ጥፋት የለባትም፣ ትጥራውና ካሳ ትክፈል አለ። ሌላው ደግሞ ዛሬ ለኪኒን ሲባል ስሙን የጣለ ነገ ምኑን ሊጥል ነው ብሎ ተቆጣ። ሰልፍ ላይ የጸጋነሽን ሹክሹክታ የሰሙት አንዱ አዛውንት መጨረሻ ላይ ተናገሩ፤ አባት ያወጣውን ስም ልጅ አይሽረውም አሉ።

«አባቴ ስም ያወጣልኝ ሰው እንዲጠራኝ ነው» አሉ የጸጋነሽ አማት። «የልጅ ልጄን እንዲጥልብኝ አይደለም። እሱ ራሱ ዛሬ ቢኖር፣ ያቺን ልጅ ደጃፍ ላይ ወድቃ ቢያይ ይሽረው ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እርጥብ ሣር ነጩና በየተራ በአማቷ አናት ላይ አኖሩላቸው፤ መረቋቸው። የቀረው አዲሱ ስም ነው፣ እሱን ማን ያውጣ ሲባል ምራቴ አሉ። ሁሉም ዞረው ጸጋነሽን አዩዋት። ብታወጣውም መልሳ ልትጠራው አትችልምና ግራ ገባት፣ ከጎረቤት የመጣችውን ማራናታን ወደ ጥግ ወስዳ አማከረቻት። ልጅቷ ከመውደቋ አገግማ ነገሩን እንደ ጨዋታ ይዛዋለች። ከ«ማ» የሚጀምር ይሁን ስትል እናትየው ማርን፣ ማታን፣ የልጅቷን የራሷን ስም አስባ እንቢ አለች። «ቡ» አይሆንም፣ ቡና አለበት። ብዙ ፊደል እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ማራናታ «ኤ»ን አመጣች። በ«ኤ» የሚጀምር ምን አለ? ኤሊ አለች። ጸጋነሽ አሰበችው። ኤሊ ከተናገረች ስንት ዓመቷ ነው? ሌላው ኤሌክትሪክ ነው፣ እሱንም መብራት ትለዋለች። ሳቅ አመለጣት፣ ከብዙ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ። ማራናታ ሾላው ሥር ተመልሳ ቆመችና አያቷ ከዛሬ ጀምሮ ኤርሱሞ እንደሚባሉ ለአገሩ አስታወቀች።

አቶ ኤርሱሞ በማግስቱ ማለዳ ከምራታቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ጤና ጣቢያ መጡ። ከሰልፉ ወጣ ብሎ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ወሬውን ሰምቷል፣ በስሙ ያልተሳሳተ ሰው ግን አልነበረም፤ አንዳንዱ ገና «እንደምን አደሩ ላም...» ብሎ ይጀምርና ምላሱን ይነክሳል። እሳቸው ፊታቸውን እንኳ አያዞሩም ነበር። ማንም በስሕተት ሲጠራቸው ወደ ጤና ጣቢያው ዛፍ ይመለከታሉ፣ እሱ ሌላ ሰው ነው እንደማለት።

የጸጋነሽ ተራ ሲደርስ ምላሷ እንደገና ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። ልምድ ነው፣ ዕድሜ ልክ የዘጉት በር ቁልፉ ቢገኝም ወዲያው አይከፈትም።

«የሚረከቡትን መድኃኒት ስም ይናገሩ» አለ አስረካቢው።

ማራናታ እጇን ያዘቻት። ጸጋነሽ ዓይኗን ጨፍና፣ አየር ስባ፣ «ላምቤቦ» አለች።

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ምንም አልሆነም። ሰማይ አልተናደም። ሰልፉም አላጉረመረመም። እንዲያውም አፏ ውስጥ ቀለል ያለ፣ ለጠሪው የሚመች ስም ሆኖ አገኘችው። ሣጥኑ ውስጥ አንድ ነገር ጠቅ አለ፣ ጥቅሉ ወርዶ እጇ ላይ ወደቀ፣ ሙሉ ኪኒኖች፣ ነጫጭ። እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ማራናታ ጥቅሉን ከእጇ ተቀብላ መቅደድ ጀምራለች።

«ለማረጋገጥ ይድገሙት» አለ አስረካቢው።

«ላምቤቦ!» ብላ ጮኸች፣ ከምትችለው በላይ፤ አጥሩ ውጪ የሚያልፉ ሰዎች ዞር አሉ። እሷም ዞረች።

አማቷ ከአግዳሚው ግማሽ ድረስ ተነሥተዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት በምራታቸው ድምፅ ስማቸው ሲጠራ ሰምተው አያውቁም፣ ሰውነታቸው ሳያማክራቸው ነው የተነሣው። «አቤት» የሚለው ከንፈራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አቶ ኤርሱሞ ቃሉን ዋጡት፣ ፈገግ አሉ፣ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።